ምሳ ሰዓት ላይ ማን ነበረ?

«ልጁ እንዳይሰማ፣ አደራሽን» አለች አክስቱ።

ልጁ ሰማ። «ልጁ» መባሉ በአክስቱ አፍ ነው እንጂ ፀጉሩ ከግንባሩ መሸሽ የጀመረ፣ ጢሙን በየጠዋቱ የሚላጭ ጎልማሳ ነው፤ እኛም ከእሷ አንበልጥምና ልጁ እንበለው። ያን ጊዜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፊቱን አረፋ ቀብቶ ቆሞ ነበር። መታጠቢያ ቤቱንና ወጥ ቤቱን የሚለያቸው አከራዩ አንዱን ክፍል ሁለት ለማድረግ ሲል ያቆመው ስስ ጣውላ ነው፤ ቀለም ተቀባና ግድግዳ ተባለ፣ በዚያው ሰበብ ኪራዩም ጨመረ። በዚያ ጣውላ በኩል ሹክሹክታ የሚባል ነገር የለም። አክስቱ ሹክ የምትላት ደግሞ ምድር ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት። ድምፅዋ ዕድሜ ልኩን ከስፌት መኪና ጋር ሲፎካከር የኖረ ስለሆነ ዝቅ አድርጊው ቢሏት አይሆንላትም።

ነገሩ ይኸውና። አክስቱ ዛሬም ሱቅሽ ልዋል ብላ ትለምናለች። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ ቦታም አላጣብብሽም ትላለች። ልብስ ሰፊዋ መዋሉንስ ዋይ፣ ግን እስከ መቼ ነው ይሄ ድብብቆሽ፣ ከሥራ ከተባረርሽ ሳምንት አለፈሽ፣ ጠዋት ጠዋት ለባብሰሽ እየወጣሽ የኔ ሱቅ ጥግ ትቀመጫለሽ፣ ለልጁ ንገሪውና ይገላግልሽ ትላለች። የሱ ሥራ እኮ ይሄው ነው፣ ሰው አልሠራሁም ሲል ሠርተሃል አልሠራህም ብሎ የሚለየው እሱ አይደል ወይ ትላለች። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ተናደደች። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አንቺ ደግሞ ኮምፒዩተር ነክተሽ ሚስጥር ልትሰርቂ!» አለች። አክስቱም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እነሱ እኮ ማስረጃ አላቸው፣ ኮምፒዩተሩ ተመርምሮ ሰዓቱ ታውቋል፣ የተነካው ምሳ ሰዓት ላይ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የምቀረው እኔ ብቻ ነኝ አለቻት።

ልጁ ምላጩ ጉንጩ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። «ምሳ ሰዓት» የምትለዋን ቃል የጻፋት እሱ ነው።

ሻዩን አብረው ጠጡ። ጠረጴዛው ጠባብ ነው፣ ጉልበታቸው ይነካካል፤ ዳቦው ከወር ወር እያነሰ ዋጋው ግን አንድም ቀን አንሶ አያውቅም፣ ስለዚያ ትንሽ ተነጋገሩ። አክስቱ ሰማያዊ ኮቷን ለብሳለች። የቢሮ ኮቷ ነው፣ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ምሳዋን በክዳን ዕቃ ቋጥራለች። ሁልጊዜም ምሳዋን ከቤት ነው የምትወስደው፤ የመሥሪያ ቤቱ ምግብ ቤት ዋጋ ሰማይ ከነካ ወዲህ ጓደኞቿ ውጭ ርካሽ ፍለጋ ሲበታተኑ እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ትበላለች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብላ ታሸልባለች። ሥራ እንዴት ነው አላት። ሥራ ምን አለው፣ ሥራ ነው አለችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ለሱ ማሩን አቀረበችለት፣ ለራሷ ፍርፋሪውን በጣቷ ሰበሰበች። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። እናት የምትሠራውን ሁሉ አክስቱ እናቱ ሳትሆን ተክታ ሠራችው፤ አላገባችም፣ አልወለደችም፣ ለምን እንደሆነም ማንም አልጠየቃትም። መዝገብ ቤት ገብታ ፋይል ስታወጣ ፋይል ስትመልስ ኖራ፣ ጡረታዋ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ነው የመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተር ያስቀመጡት። ማውሱን እንዴት እንደሚይዙት ያስተማራት ልጁ ነው፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። በአንድ ጣት ነበር የምትጽፈው፤ አንዱን ፊደል ነክታ ቀና ብላ ታየዋለች፣ አበላሸሁ እንዴ ብላ።

መንገድ ላይ ልጁ ለራሱ ጠበቃ ሆነ። እኔ የነገርኩት ሰዓት ነው፣ ሰው አልጠቆምኩም አለ። እውነቱን ነው፤ የሱ ሪፖርት የሰው ስም የለበትም። የሱና የባልደረቦቹ ሥራ መሥሪያ ቤቶችን ማገልገል ነው፦ ሊቀጠር ያለ ሰው ያቀረበው ማስረጃ እውነት መሆኑን ያጣራሉ፣ የቀድሞ አለቆቹን ያነጋግራሉ፣ ከመሥሪያ ቤት ሚስጥር ሲወጣ ደግሞ ኮምፒዩተሩንና ስልኩን ከፍተው መቼ፣ በምን፣ ወዴት እንደወጣ ይናገራሉ። ማን እንዳወጣው የሚፈርደው ደንበኛው ነው። «እኛ ሰዓት ነን» ይል ነበር ልጁ አዲስ ሠራተኛ ሲያሠለጥን፣ ኮራ ብሎ። ዛሬ በተጨናነቀው ታክሲ ውስጥ የሰው ብብት ሥር ቆሞ ይችን አባባል ሲያስታውሳት ኩራቱ ጠፋ። ሰዓቱ የተነገረው ማን ምሳ ሰዓት ላይ እንደሚቀር ለሚያውቁ ሰዎች ነው። ጣት ይዞ ሰው ላይ ከመቀሰር በምን ይለያል?

ቢሮው ከመነጽር ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ ሁልጊዜ የቀለም ሽታ አለ። ሲገባ ስልከኛው ሥራ ጀምሯል። ስልከኛው ቀኑን ሙሉ የሰዎችን የቀድሞ አለቆች እየደወለ የሚጠይቅ ባልደረባው ነው፤ ድምፁ ማር ነው፣ የሰው ምላስ የሚፈታ። «ለምን ነበር የለቀቀችው?» ይላል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል ነው ሰው የሚናገረው፤ ስልከኛው ይህን ጥበብ ያውቃል። ልጁ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይችን ጥያቄ አዳመጣት። አክስቱ ነገ ሌላ ቦታ፣ ጽዳትም ይሁን ጥበቃ፣ ልቀጠር ብትል፣ ከዚህች ክፍል ወይም ይችን ከመሰለች ክፍል አንዱ ስልክ አንስቶ ለምን ነበር የለቀቀችው ይላል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ጡረታዋም ቢሆን በስርቆት ለተባረረ ሰው የለም። ይህን ሁሉ ልጁ ከማንም በላይ ያውቃል፣ ሥራው ነዋ።

የአክስቱን መሥሪያ ቤት ጉዳይ ከፈተው። ያ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሊቀንስ አስቦ የሚቀነሱትን ስም ዝርዝር አዘጋጅቶ ነበር፤ ዝርዝሩ ሳይታወጅ በየሰዉ ስልክ ላይ ተሰራጨ። አለቆቹ አበዱ። ዝርዝሩ የተቀዳው ከመዝገብ ቤቱ ኮምፒዩተር ወደ አንዲት ፍላሽ ነው፤ ኮምፒዩተሩ የጋራ ነው፣ አንድ የይለፍ ቃል ነው ያለው፣ እሱም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ኮምፒዩተሩን ሾፌር አምጥቶ ልጁ ጠረጴዛ ላይ ዱብ አደረገው። ጉዳይ ሲገባ ሁሉም ሠራተኛ በዚያ መሥሪያ ቤት ዘመድ የለኝም ብሎ ይፈርማል፤ ይህ የቢሮው ሕግ ነው። ልጁ አክስት አለችው። ፈረመ። ያ ሁሉ ሺህ ሠራተኛ ያለበት ቤት ነው፣ አክስቴ መዝገብ ቤት ጥግ ያለች ምስኪን ናት፣ ከዚህ ጉዳይ ጋር ምን አገናኛት ብሎ ነው። ኮምፒዩተሩ የመዝገብ ቤቱ መሆኑን ያወቀው ከፈረመ በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜም ቢሆን ተመልሶ ልሰርዝ ማለት አፈረ፣ ጉዳዩ ደግሞ ትልቅ ነው፣ ስሙን የሚያስጠራ። መዝገብ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው አለ አለና አለፈው። ቤት ገብቶ ከአክስቱ ጋር ሲበላም ትንፍሽ አላለም፤ የሥራ ሚስጥር ነዋ። የሥራ ሚስጥር ሲባል የቤት ሰው ፊት አለማየት ይቀላል።

የዚህ ሥራ ፊደል ሀ ግን ሌላ ነው። ማንኛውም ኮምፒዩተር ሲመጣ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ከእውነተኛው ሰዓት ጋር አስተያይ ይባላል። ኮምፒዩተር እንደ ሰው ነው፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትደክም ሰዓቱ ይሳሳታል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል። ታዲያ እሱ የሚመዘግበው ሁሉ በተሳሳተው ሰዓት ነው። ይህን ለማየት ማብራት፣ ሁለት ቁልፍ መጫን፣ ማየትና መጻፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ያን ቀን ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ ቁልፉን እያሽከረከረ፣ ወንድም አትቆይብኝ፣ መኪናውን አለቃዬ ይፈልገዋል ይል ነበር። ልጁ ዲስኩን ነቀለ፣ ቅጂውን ወሰደ፣ መልሶ ገጥሞ አስረከበ። ሰዓቱን አላየም። ያችን ቀን ብቻም አልነበረም፤ ሾፌር ሲቸኩልበት፣ ደንበኛ ሲጨቀጭቀው ሰዓቷን ይዘላት ነበር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ልክ ትሆናለች። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላል የአገሩ ገበሬ፤ የከተማው ልጅ ሲያለባብስ ግን ወደ አረሙ የሚመለሰው ሌላ ሰው ነው።

አሁን ኮምፒዩተሩ በእጁ የለም፣ ቅጂው ግን አለ። ከውጭ የሚመጣ ኢሜይል የተላከበትን ሰዓት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ልጁ በዚያ ሰሞን መዝገብ ቤት የገቡትን ኢሜይሎች አንድ ባንድ አወጣና ኮምፒዩተሩ ተቀበልኩ ካለበት ሰዓት ጋር አስተያያቸው። የመጀመሪያውን ሲያይ አሳቀው። ኢሜይሉ ሳይላክ ደርሷል። ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ከሰዓት በኋላ የተላከው ጠዋት ደርሷል። ሦስተኛውን ሲያይ ሳቁ ሞቶ ነበር። ኮምፒዩተሩ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ያውም ብዙ። ኮምፒዩተሩ ምሳ ሰዓት ያለው ጊዜ፣ በእውነተኛው ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ከምሳ ተመልሶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ክፍሉ ሰው በሰው ሆኖ ወደ መውጫው የተቃረበበት ነው። ያን ሰዓት ከሁለት ደርዘን ሰው ማናቸውም ሊሆን ይችላል። ከአንዲት ሴት በቀር።

ምክንያቱም ቀኑን ያውቀዋል። ወጥ ቤታቸው በውሃ የተጥለቀለቀበት ቀን ነው። ቧንቧው ፈንድቶ አከራዩ ሠራተኛ ልኬያለሁ፣ ቤት ሰው ይኑር ሲል፣ አክስቱን ደውሎ ከሥራ ያስወጣት ልጁ ራሱ ነው። እሱ ሥራ ስለበዛበት። አስፈቅዳ፣ በር ላይ አስመዝግባ፣ ከሻይ ሰዓት በፊት ወጥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ቧንቧ ሠሪውን ስትረዳ ነው ያመሸችው። ምሳ ሰዓት ላይ ነው ሲሏት ግን ምን ትበል? ምሳ ሰዓት ላይማ ነበረች። እንደ ሁልጊዜው ብቻዋን ነበረች። ልጁ እጁን ፊቱ ላይ ጫነ። አፈረ፤ እፍረት ብቻም አይደለም፣ አንጀቱ ነው የተቃጠለው። ያሳደገችውን ሴት ሌባ ያሰኛት፣ ሁለት ቁልፍ መጫን ስለሰነፈ ነው።

አለቃው ዘንድ ገባ። አለቃውን ሠራተኛው በሌለበት ጋሽ ማኅተም ይለዋል፣ ማኅተም ሳያርፍበት የሚወጣ ወረቀት ስለማይወድ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ስሙን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ነው። ልጁ ሁሉንም ዘረዘረለት፦ ሰዓቱን፣ ኢሜይሎቹን፣ ሾፌሩን። ጋሽ ማኅተም ሳያቋርጠው ሰማ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ማን ጠይቆህ ነው እንደገና የከፈትከው?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«ታዲያ?»

«የተባረረችው አክስቴ ናት» አለ ልጁ።

ጋሽ ማኅተም ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። ዘመድ የለኝም ብለህ አልፈረምክም ወይ አለው። ፈርሜያለሁ አለ። ከውጭ የስልከኛው ማር ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ማኅተም ቢጮህበት ለልጁ ይሻለው ነበር። አልጮኸም። እንደ ታላቅ ወንድም ነው የተናገረው። «አየህ፣ አምንሃለሁ። የምትለው እውነት ነው። ግን እውነቱ ካንተ አፍ ሲወጣ ውሸት ሆነ። ለአክስቱ ሲል ሰዓት አሽከረከረ ነው የሚሉህ። መጀመሪያ ዘመድ አለኝ ብትል ጉዳዩ ለሌላ ይሰጥ ነበር፤ ሌላው ሰዓቱን ያይ ነበር ይሆናል፣ ሴትዮዋም ወንበሯ ላይ በሆነች።» ልጁ ጉዳዩን ሌላ መርማሪ ከሀ ጀምሮ ይሥራው፣ እኔ እጄን ላውጣ፣ ሪፖርቱን ግን ዛሬውኑ እናንሳው፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ለመነው።

ጋሽ ማኅተም ስልክ አንስቶ ወደዚያ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ደወለ። ሰላምታው ረዘመ፣ ጤና ተጠያየቁ፣ ልጆች ተጠያየቁ። ከዚያ ስለ ሰዓቱ ነገረው፤ አዳመጠ፤ እህ አለ፤ እንዴት አለ፤ ደግሞ አዳመጠ። ስልኩን ሲያስቀምጥ ልጁን ለማየት ጊዜ ወሰደበት። «አምናለች እኮ» አለው። «ኮሚቴው ፊት እኔ አድርጌው ይሆናል ብላ ፈርማለች። ያመነ ሰው አለን፣ የናንተ ሰዓት ቢሳሳት ባይሳሳት ምን ያደርግልናል ነው የሚለኝ። ቃሏን ካላነሳች ፋይሉን አይከፍቱትም።» ልጁ አይሆንም አለ። በምን ምክንያት ታምናለች፣ ያልሠራችውን፣ ቤት ሆና ወለል ስትጠርግ የነበረች ሴት? አላውቅም፣ አንተ ጠይቃት አለው ጋሽ ማኅተም፤ ከዚያ መሳቢያውን ስቦ፣ የክፍልህን ቁልፍ እዚህ አኑረው፣ ያንተን ነገር ደግሞ ሳስብበት እንነጋገራለን አለው። ልጁ ቁልፉን አኖረ። ምንም አልመሰለውም፤ ጭንቅላቱ «አምናለች» የምትለዋ ላይ ተቸንክሯል።

በእግሩ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ከሰፈሩ ማዕዘን ላይ ናት፣ ከጫማ ጠጋኙና ከስልክ ካርድ ሻጩ መሀል የተሰነቀረች፤ ሁለት ደንበኛ ሲገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ጣሪያው ድረስ የተሰቀለ ልብስ አለ። አንዲት ደንበኛ መስተዋት ፊት ቆማ አዲስ ጉርዷን ታስለካለች፤ ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ፣ መርፌ ቁልፎች በከንፈሯ ይዛ፣ የክር ዋጋ እንዴት እንደጨመረ በተዘጋ አፍ ታማርራለች። አክስቱ ጥግ ላይ አጭር በርጩማ ላይ ናት፣ ሰማያዊ ኮቷን እንዳይቆሽሽ ገልብጣ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። ልጁን ስታይ የያዘችውን ሸሚዝ ከጉልበቷ ሥር ደበቀች። ሸሚዝ እንደሚሰረቅ ነገር። ያ አድራጎቷ ልጁን ከሁሉም በላይ ጎዳው።

አጠገቧ የጨርቅ ቁልል ላይ ተቀመጠ። ጠዋት ሰምቻለሁ አላት። አክስቱ ልብስ ሰፊዋን በዓይኗ ገላመጠቻት። እሷ አይደለችም፣ ጣውላው ነው አላት።

«ለምን ፈረምሽ?» አላት።

መጀመሪያ ምን ይሆናል፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ተወው አለችው። አልተዋትም። ከዚያ ሸሚዙን አውጥታ ጉልበቷ ላይ እያለሰለሰች ነገረችው። የኮሚቴው ሰዎች ሦስት ሆነው ነው ያስቀመጧት። አልነካሁም አለች፣ አጥብቃ አለች፣ አለቀሰችም። አንደኛው እንግዲያው ይሄውልሽ ብሎ ሪፖርቱን ገልብጦ አሳያት። ጽሑፉ አልገባትም። ከታች ያለችውን ግን አወቀቻት፤ ያችን ጅራቷ የሚረዝም ፊርማ፣ ልጁ ገና ጎረምሳ ሳለ በቤት ባለ ወረቀት ሁሉ ላይ ሲለማመዳት የኖረችውን፣ ወረቀት አታበላሽ እያለች ስትቆጣው የኖረችውን።

«የኔ ልጅ ነው የጻፈው ብል አንተን ሊያባርሩህ ነው። ዘመድ አይፈቀድም ስትል ሰምቼ የለም? ውሸት ነው ብል ደግሞ አንተን ውሸታም ማለቴ ነው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ደግሞስ አንተ ካልክ፣ ይሆናል አልኩ። አንተ ዝም ብለህ አትጽፍም። ጣቴ ሳላውቀው አንዱን ነክቶ ይሆናል፣ እንዲያው አርጅቻለሁ አልኩ። ሌሊቱን ሁሉ ምን ነክቼ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ሰው ሳያውቅ ይሰርቃል እንዴ?»

ልጁ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብሎ ጀመረ። ኮምፒዩተሩ ሰዓቱ ዘግይቶ ነበር፣ እኔ አላየሁትም፣ ምሳ ሰዓት አልነበረም አላት። እሷ ፈገግ አለች። በልጅነቱ ብርጭቆ የሰበረችው እሷ ሆና እሱ ሰበርኩ ሲላት እንደምታየው ዓይነት አየችው። ለኔ ብለህ ነው፣ አውቅሃለሁ፣ ሆደ ቡቡ ነህ፣ ለኔ ብለህ ሥራህን እንዳታጣ፣ እኔ የምበላው አላጣም አለችው። እውነቱ ለሁለተኛ ጊዜ ከሱ አፍ ሲወጣ ውሸት ሆነ።

«ቧንቧ ሠሪው የመጣ ቀን ነው» አላት። «ያን ቀን ነው ዝርዝሩ የወጣው። ከሻይ ሰዓት በኋላ። አንቺ የት ነበርሽ?»

የአክስቱ እጅ ቆመ። ዓይኗ ሱቁን ትቶ ሄደ፤ ልጁ ስታሰላ አያት፦ ስልኩን፣ ማስፈቀዷን፣ በሩን፣ ዘበኛውን፣ የተጥለቀለቀውን ወለል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አቁማ ነበር፤ ደንበኛዋም ጉርዷን ይዛ መስተዋቱ ውስጥ ዓይኗን ጥላባቸው ቆማለች።

«ቤት ነበርኩ» አለች አክስቱ፣ ቀስ ብላ። «ወለል እየጠረግኩ ነበር።»

«ቤት ነበርሽ።»

ልብስ ሰፊዋ እኔስ ምን አልኩ፣ እኔ መች አመንኩ አለች። አክስቱ ወደሷ ዞር አላለችም። «አንቺ አላመንሽም። እኔ ነኝ ያመንኩት» አለች። ከዚያ ልጁን አየችው፤ በዚህ ዓይን አይታው አታውቅም፤ ቁጣ ቢሆን የለመደው ነው፣ ይህ ግን አንድን የማያውቁትን ሰው በጥንቃቄ ማየት ነው። «ራሴን ሳላምን አንተን አመንኩ» አለችው። ይቅርታ አላት። ይቅር ይበልህም አላለችም፣ አይበልህም አላለችም። መርፌዋን ክር ማጠንጠኛው ላይ ሰካች። ነገ ሄዳ ቃሏን እንደምታነሳ፣ በር ላይ የፈረመችበትን እንደምታስወጣ፣ እሱ ግን አብሯት እንዳይመጣ ነገረችው። ጠንከር ብላ ነው የተናገረችው፣ መዝገብ ቤት ፋይል ለሚያተራምስ ሰው እንደምትናገረው። ልጁ እሺ አለ። ትንሽ ቀለለው፣ እውነቱን ለመናገር፤ ነገሩ መውጫ ያለው መሰለው።

እሷ ግን አልጨረሰችም።

«አክስትህ ባልሆን ዛሬ ትከፍተው ነበር?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «አልከፍተውም» አላት።

«ሰዓቱን ሳታይ የፈረምከው የኔን ብቻ ነው?»

ስልከኛው ዝም ሲል ሰው እንደሚናገረው ሁሉ፣ እሷም ዝም ብላ ጠበቀችው። አይደለም አላት በመጨረሻ። ሌላም አለ፤ ሾፌር የሚቸኩልበት ቀን ብዙ ነበር።

«እነማን ናቸው?» አለችው አክስቱ። «ቤታቸው ምን ብለው ይሆን? ማንን አምነው ይሆን እነሱ?»

«ስማቸውን አላውቅም» አላት።

ደንበኛዋ ጉርዷን አውልቃ፣ ሂሳቧን ከፍላ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ፔዳሉን ረገጠች፣ መኪናዋ መንጫጫት ጀመረች። አክስቱ ሸሚዙን አንስታ ያልተተከለውን ቁልፍ መፈለግ ቀጠለች፤ ልጁም የጨርቁ ቁልል ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፣ ተነስ ያለው ሰው አልነበረም።